ዘጠኝ ተጫውቶ ዘጠኝ አሸንፎ የፈረሰው ቲም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም እዚሁ አምድ ጥግ ላይ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። «በ1951 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ አንድም አቻ ሳይወጣ ሲዝኑን ጨርሶ ወዲያው የፈረሰ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቲም ማነው?» የምትል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገፁ ላይ ቦታ ተርፎ መሙያ ነበረች። ከዛ በኋላ የመጣውን ደብዳቤ ሳይ ግን ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ወደ ሚቀጥለው እትም ገፋሁትና የዛሬውን አምድ ለዚሁ ለአንዱ ቲም ሰጠሁት።

መልሱ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ካሊፎርኒያ ያለው የኢየሱሳውያን ካቶሊኮች ትምህርት ቤት፣ ቲሙ ዶንስ ይባላል። ፉትቦል ስል እንቁላል መሳዩን በእጅ የሚያዘውን ኳስ ነው የምለው፣ እግር ኳስ መስሏችሁ የመለሳችሁልኝ ስላላችሁ ነው። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

«ኤን ኤፍ ኤል፣ የፕሮፌሽናሎቹን ሊግ፣ አልፎ አልፎ አያለሁ፣ የኮሌጁ ግን አይገባኝም። ካልተሸነፉ ዋንጫው የነሱ አይደል እንዴ? ይሄ ቦውል የምትሉትስ ምንድነው?» — የሌሊት ጨዋታ ተመልካች

አይደለም፣ ችግሩም እዛው ላይ ነው የሚጀምረው። በ1951 የኮሌጅ ፉትቦል ጥሎ ማለፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ጨዋታ ራሱ ይዋዋላል፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት ራሱ ይፈልጋል፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ደግሞ ጋዜጠኞች ድምፅ ሰጥተው አንደኛ እገሌ ሁለተኛ እገሌ ይላሉ። በቃ ሻምፒዮን ማለት ያ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ድምፁ የሚሰጠው የመጨረሻዎቹ ትላልቅ ጨዋታዎች ሳይደረጉ በፊት ነው፣ በዛ ዓመት ቴኔሲ አንደኛ ተብሎ ከተጨበጨበለት በኋላ ሹገር ቦውል ላይ በሜሪላንድ 28 ለ 13 ተሸንፏል፣ ግን ሻምፒዮንነቱን የነካበት የለም።

ቦውል ማለት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ትላልቅ ጨዋታዎች ናቸው። በፈረንጆች አዲስ ዓመት አካባቢ፣ ብርድ በማይበዛባቸው ከተሞች ይደረጉ ነበር፣ ሮዝ ቦውል ፓሳዴና፣ ኦሬንጅ ቦውል ማያሚ፣ ሹገር ቦውል ኒው ኦርሊንስ፣ ኮተን ቦውል ዳላስ፣ ጌተር ቦውል ጃክሰንቪል። ልብ ካላችሁ ከሮዝ በስተቀር ሁሉም ደቡብ ነው ያሉት፣ ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ማን ይጋበዝ የሚለውን ያኔ የሚወስነው የየከተማው ኮሚቴ ነበር፣ ኮሚቴው ደግሞ ባብዛኛው የከተማው ነጋዴና ትልልቅ ሰው ነው፣ ሆቴሉም እንዲሞላ ትኬቱም እንዲሸጥ ይፈልጋሉ። ለተጋበዘው ትምህርት ቤት ዳጎስ ያለ ገንዘብ አለው። ሮዝ ቦውል ከ1946 ጀምሮ በሁለት የኮሌጆች ማህበራት ስምምነት ለሌላው ተዘግቶ ነበር፣ ዶንሶች ደግሞ የየትኛውም ማህበር አባል አይደሉም፣ ስለዚህ ደጃቸው ላይ ያለው በር ዝግ ነበር፣ የቀራቸው ደቡብ ብቻ ነው።

ሲዝናቸውን ባጭሩ ልንገርህ። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል። ሳን ሆዜ ስቴትን ሁለቴ ገጠሙ፣ ሁለቴም በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። አንዱ ተጋጣሚያቸው ካምፕ ፔንድልተን ነበር፣ ኮሌጅ እንኳን አይደለም የማሪን ወታደሮች ቲም ነው፣ ያኔ የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር የጦር ሰፈሮች ጥሩ ጥሩ ተጫዋች ይሰበስቡ ነበር። ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ፎርድሃምን 32 ለ 26 አሸነፉ፣ ከዘጠኙ የተፈተኑበት እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የከተማቸው ቅርብ ባላንጣ ሳንታ ክላራን 26 ለ 7። ከዛ ወደ ስቶክተን ሄደው ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክን 47 ለ 14 አደባዩት። መጨረሻ ላይ ሎዮላን 20 ለ 2፣ እሱን የተጫወቱት ፓሳዴና ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ ነው፣ ግብዣው ባይደርሳቸውም ሳሩን ረግጠውታል። በጋዜጠኞቹ ድምፅ የወጡት 14ኛ ነው። ሁሉንም አሸንፎ 14ኛ!

«20 ለ 2 የሚለው ታይፖ ነው አይደል? ሁለት ነጥብ ከየት ይመጣል?» — ቆጣሪው

ታይፖ አይደለም ወንድሜ። ሴፍቲ ይባላል፣ ኳስ የያዘውን ሰው በራሱ መጨረሻ ክልል ውስጥ ከጣልከው ሁለት ነጥብ ታገኛለህ። ታችዳውን፣ ኳሱን ይዘህ ተጋጣሚህ መጨረሻ ክልል ስትገባ ማለት ነው፣ ስድስት ነው፣ ከሱ በኋላ በእግር የምትመታት አንድ፣ ፊልድ ጎል ሦስት። ማለትም ሎዮላ ሙሉ ጨዋታ ተጫውቶ የዶንሶችን መስመር አንዴም ተሻግሮ አልገባም፣ ያገኛት ሁለት ነጥብ የዶንሶች ጥፋት ናት።

«ልጄ፣ እኔ በዘመኑ እዛ አገር ተምሬአለሁ፣ ደቡቡንም አይቼዋለሁ። አንተ ግን ‹ፈረሰ› ብለህ ዘጋኸው እንጂ ለምን ቦውል እንዳልሄዱ አልጻፍክም። እሱን ካልጻፍክ ምኑን ጻፍከው?» — አንድ አዛውንት አንባቢ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ቁጣዎም ይገባኛል። ያች መስመር ጠባብ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲሙ ውስጥ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ፣ ኦሊ ማትሰን እና በርል ቶለር። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊትም በአንድ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ ተጫውተዋል፣ እዛም በ1948 ሳይሸነፉ ነው የጨረሱት፣ ሽንፈት የሚባለው ነገር ብዙም የሚያውቃቸው አይመስልም። ማትሰን ሯጩ ነው፣ ቶለር ደግሞ ዲፌንስ ላይ ላይንባከር፣ ከፊተኛው መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ፣ አብረውት የተጫወቱት ሰዎች ሲያወሩ ከሁላችንም በላይ ጥሩው ቶለር ነበር የሚሉ አሉ፣ ይሄንን የሚሉት ደግሞ ራሳቸው ኋላ ሆል ኦፍ ፌም፣ የፉትቦሉ የክብር አዳራሽ፣ የገቡ ሰዎች ናቸው።

የፓሲፊኩ ጨዋታ ላይ የቦውል ሰዎች ለማየት መጥተው ነበር። 47 ለ 14 ሲያሸንፉ አዩ። ከዛ በኋላ በአሰልጣኙ በጆ ኩሃሪች በኩል ለተጫዋቾቹ የደረሰው መልዕክት፣ ደቡብ ሄዳችሁ መጫወት ትችላላችሁ፣ ሁለቱ ግን ይቀራሉ የሚል ነው። ዋና ተደርጎ የሚነሳው ኦሬንጅ ቦውል ነው፣ ሌሎቹም የደቡብ ቦውሎች ከሱ አይሻሉም ነበር። ያኔ በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ የሚከለክለው አንዳንዱ ቦታ ሕግ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ልማድ ነው፣ ለሁለቱ ልጆች ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቁ፣ እጅ ሲያወጡ፣ አንዱ ተነስቶ ንግግር ሲያደርግ ያሳያችኋል። እኔ የሚገርመኝ ግን እንዲህ ያለ ነገር አለመኖሩ ነው ጋሼ። ተጫዋቾቹ በእርጅናቸው ሲጠየቁ ያወሩት ሁሉ የሚለው ውይይት አልነበረም ነው። አይሆንም ተባለ፣ አለቀ። ግማሾቹ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች ናቸው፣ በ1944 በወጣው የወታደሮች ሕግ መንግስት ከፍሎላቸው የሚማሩ፣ ጂኖ ማርኬቲ ለምሳሌ በአስራ ስምንት ዓመቱ ዘምቶ አውሮፓ ውስጥ በልጅ በሚባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ ላይ መትረየስ ተኳሽ የነበረ ልጅ ነው። ከዛ የመጣ ሰው ማያሚ ያለ ኮሚቴ እገሌን ቤት ትተህ ና ሲለው ብዙ የሚያስብ አይመስለኝም። ውሳኔው ከባድ አልነበረም ማለቴ ነው። የከበደው ኋላ የመጣው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ እኔን ያበሳጨኝ እሱ ስለሆነ። የቦውል ሰዎች ኋላ ላይ በአደባባይ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት የዶንስ ተጋጣሚዎች ደካማ ስለሆኑ ነው የሚል ነው። እሺ፣ ተጋጣሚዎቹ ጠንካራ አልነበሩም፣ ወታደር ሰፈር ድረስ ወርደው ነው የተጫወቱት፣ ይሄን እኔም አልክድም። ግን ያ በ47 ለ 14 የተደባየው ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ እኮ ቦውል ተጋብዟል! ኤል ፓሶ ሰን ቦውል ሄዶ በቴክሳስ ቴክ 25 ለ 14 ተሸነፈ። ተሸናፊው ለቦውል በቃ፣ አሸናፊው ደካማ ነው ተባለ።

«ቦውሉን እምቢ በማለታቸው ነው ትምህርት ቤቱ ቲሙን የዘጋው የሚባለው እውነት ነው?» — የሂሳብ ሰራተኛ

ግማሹ እውነት ነው፣ አንተም በሙያህ ቶሎ ይገባሃል። ቲሙ ዕዳ ውስጥ የነበረው ከቦውሉ በፊት ነው። ኬዛር ስታዲየም የሚባል ወደ ስልሳ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወቱት፣ ያው ሜዳ ላይ ደግሞ ፎርቲናይነርስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቲም እሁድ እሁድ ይጫወታል፣ የከተማው ሰው ገንዘቡን ለዛኛው ነው የሚያወጣው። ከ1946 በፊት ሳን ፍራንሲስኮ ትልቅ የፕሮፌሽናል ቲም አልነበራትም እኮ፣ ያኔ የካቶሊክ ኮሌጆቹ ጨዋታ የከተማው ትልቁ ድግስ ነበር። ፕሮፌሽናሉ መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፣ የተጫዋች ስኮላርሺፕ ተወደደ፣ አነስተኛ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከነ ዩሲኤልኤ፣ ከትልልቆቹ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጋር ተፎካክሮ የሚችልበት ዘመን አለፈ።

ብቻቸውንም አልነበሩም። ጆርጅታውን እና ሴንት ሜሪስ ከ1950 ሲዝን በኋላ አቆሙ፣ ሎዮላ ከዶንሶች ጋር በዛው በ1951 ማብቂያ፣ ሳንታ ክላራ በዓመቱ፣ ፎርድሃም በ1954። ከላይ የዘረዘርኩልህን ውጤት ተመልሰህ እየው፣ ካሸነፏቸው ውስጥ ሎዮላ፣ ሳንታ ክላራና ፎርድሃም አንድ በአንድ ጠፍተዋል፣ አስደንጋጭ ነው። ስለዚህ የቦውሉ ገንዘብ ቢገባ ኖሮ ምናልባት አንድ ሁለት ዓመት ይገዛ ነበር እንጂ የሚድን አይመስለኝም። ልጆቹ ይሄ ገንዘብ ለቲሙ ምን እንደሆነ ግን ያውቁ ነበር፣ አውቀው ነው የተዉት።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስፖርት አላቆመም። ቅርጫት ኳሱ ቀጠለና በ1955 እና በ1956 በቢል ራስል ጊዜ ሁለቴ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፣ ቅርጫት ኳስ አምስት ሰው አስር ጫማ ነው የሚፈልገው፣ ርካሽ ነው።

«ማትሰን ማትሰን ስትሉ ሰማሁ፣ ያን ያህል ጎበዝ ከነበረ ሃይዝማን የሚባለውን ሽልማት ለምን አልወሰደም?» — ስታት ወዳድ

ኦሆ፣ የኔ ቢጤ አገኘሁ። በዘጠኝ ጨዋታ 1,566 ያርድ ሮጧል፣ በአገሪቱ ካሉት ሯጮች ሁሉ አንደኛ፣ በጨዋታ 174 ያርድ ማለት ነው፣ 21 ታችዳውን አስቆጥሯል። ያውም ያጠቃል ብቻ አይደለም፣ ዲፌንስም ላይ ይሰለፍ ነበር፣ ኳስ ሲመታላቸውም ተቀብሎ የሚመልሰው እሱ ነው፣ ኒው ዮርክ ፎርድሃም ላይ ተጋጣሚው ለማስጀመር የመታቸውን ሁለት ኳሶች (ኪክኦፍ) ከራሱ ጎል አጠገብ ይዞ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ አስቆጥሯል። በአንድ ጨዋታ ሁለቴ! ሰዎች በሕይወታቸው አንዴ የሚያልሙትን።

ሃይዝማኑን፣ ማለትም የዓመቱን ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት፣ የፕሪንስተኑ ዲክ ካዝማየር ወሰደው፣ እሱም ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ምንም አልለውም። ማትሰን ዘጠነኛ ወጣ። መራጮቹ በብዛት የምስራቁ ጋዜጠኞች ናቸው፣ ዌስት ኮስት ያለ የትንሽ ትምህርት ቤት ልጅ አንዴ ኒው ዮርክ መጥቶ ነው ያዩት፣ በዛ ላይ ጥቁር ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሃይዝማን ወሳጅ ኧርኒ ዴቪስ እኮ በ1961 ነው፣ አስር ዓመት ቀርቶታል።

ማትሰን ግን አልተቀመጠም። በ1952 ክረምት ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ሄዶ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር ይዞ ተመለሰ፣ ጃማይካዎቹ ናቸው የቀደሙት። መጀመሪያ የፉትቦል ሲዝን፣ በስምንት ወሩ ኦሎምፒክ፣ ከዛ ቺካጎ ካርዲናልስ ገብቶ ፕሮፌሽናል። ዛሬ አንድ ኤጀንት ይሄን ፕሮግራም ቢያይ ራሱን ይስታል።

«ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚያሳምረው ታሪክ አይመስላችሁም? በዛን ጊዜ እንዲህ ያደረጉ ሌሎችም ነበሩ፣ እነሱ ለምን አይነሱም? ነጭ አዳኝ ምናምን ሰልችቶኛል።» — ተጠራጣሪ

መልስህን በሁለት እከፍለዋለሁ፣ ግማሹ ላይ አብሬህ ስለሆንኩ።

ሌሎችም ነበሩ፣ እውነት ነው። ፔን ስቴት በ1946 ማያሚ ላይ ሊጫወት የነበረውን ጨዋታ ጥቁር ተጫዋቾቹን ትቶ መሄድ አልፈልግም ብሎ ሰርዞታል። ከዛ በጃንዋሪ 1 1948 ዳላስ ኮተን ቦውል ላይ የፔን ስቴቶቹ ዋሊ ትሪፕሌት እና ዴኒስ ሆጋርድ ኤስ ኤም ዩን፣ የዳላሱን ዩኒቨርሲቲ፣ ለመግጠም ተሰለፉ፣ 13 ለ 13 ወጡ፣ በኮተን ቦውል ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ናቸው። ያም ማለት ዶንሶች ከመከልከላቸው አራት ዓመት ቀድሞ ቴክሳስ ውስጥ ተደርጓል፣ አይቻልም የሚለው ሰበብ ያን ያህል አይቻልም አልነበረም። ወደኋላ ደግሞ እየው፣ በ1956 ሹገር ቦውል ላይ የፒትስበርጉ ቦቢ ግሪየር ሊጫወት ሲል የጆርጂያው ገዢ ማርቪን ግሪፊን ጆርጂያ ቴክ አይጫወትም ብሎ ተነሳ፣ የጆርጂያ ቴክ ተማሪዎች ራሳቸው ወጥተው ሰልፍ አደረጉበት፣ ጨዋታው ተደረገ። ሉዊዚያና ግን በዛው ዓመት ጥቁርና ነጭ አብሮ ስፖርት እንዳይጫወት ሕግ አወጣች። አንዱ ሲከፍት ሌላው ይዘጋል፣ ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም።

እና የዛው የ1951 ኦክቶበር። ጆኒ ብራይት የሚባል የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች፣ ጥቁር፣ የአገሪቱ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ፣ ኦክላሆማ ስቲልዎተር ላይ ኳሱ እሱ ጋ እንኳን ሳይሆን ተጋጣሚው እየደጋገመ ፊቱን መታው፣ መንጋጋው ተሰበረ። ሁለት የዲ ሞይን ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ካሜራ አጥምደው ቅደም ተከተሉን በሙሉ ቀርፀውታል፣ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለሙበት። ፎቶው እያለ ድሬክ አባል የነበረበት የኮሌጆች ማህበር ምንም እርምጃ አልወሰደም፣ ድሬክም ማህበሩን ጥሎ ወጣ። ማትሰን እና ቶለር የሚጫወቱበት ዓመት ይሄ ነው።

ነጭ አዳኝ ስላልከው ደግሞ፣ እኔም ታሪኩን ነጮቹ ልጆች ብቻ ጀግና ሆነው ሲወጡበት ደስ አይለኝም። ያዳኑት ሰው የለም፣ ማትሰን እና ቶለርም የሚድኑ ሰዎች አልነበሩም፣ ሌሎቹን አሸናፊ ያደረጓቸው እነሱ ናቸው። ለዛውም ሰው ወጥ አይደለም። አሰልጣኙ ኩሃሪች ከዛ በኋላ ከ1954 እስከ 1958 የዋሽንግተንን የኤን ኤፍ ኤል ቲም አሰለጠነ፣ የዋሽንግተን ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ደግሞ አንድም ጥቁር አላስፈርምም ብሎ እስከ 1962 የቆየ በኤን ኤፍ ኤል የመጨረሻው ሰውዬ ነው። ያንን መልዕክት ለዶንሶች ያደረሰው ሰው ለዛ ሰውዬ አምስት ዓመት ሰራ። የሚያሳምረውን ብቻ አላወራሁልህም ማለት ነው።

ግን ታሪኩን የፈጠሩት አይደለም። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው፣ ለአርባ ዓመት ያህል ከሳን ፍራንሲስኮ ውጭ ያስታወሰው ሰው አልነበረም፣ በ1990 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የሚባለው መጽሔት ሰፋ አድርጎ ሲጽፈው ነው እንደገና የወጣው። ዩኒቨርሲቲውም በሕይወት ለነበሩት የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው በ2006 ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት!

«ከዛ ቲም ስንት ሰው ኤን ኤፍ ኤል ገባ? ደግሞ አንድ ጥሬ ስጋ የሚበላ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።» — እንዲሁ ጠያቂ

ጥሬ ስጋ በላተኛው ቦብ ሴንት ክሌር ነው፣ ሁለት ሜትር ከስድስት ሴንቲ ገደማ የሚረዝም፣ ሬስቶራንት ገብቶ ስጋውን ሳያበስሉ እንዲያመጡለት ያዝ ነበር። ቲሙ ሲፈርስ የመጨረሻ ዓመቱን ኦክላሆማ ቱልሳ ሄዶ ተጫወተ፣ ከዛ ፎርቲናይነርስ። ተጫዋች እያለ ደሊ ሲቲ ለሚባል ከተማ ከንቲባም ሆኗል፣ እኔ ይሄንን ስሰማ ነው ሰውየውን የወደድኩት። ማርኬቲ ባልቲሞር ኮልትስ ገብቶ በዘመኑ ከነበሩት የዲፌንስ ተጫዋቾች ቁንጮው ሆነ፣ በ1958ቱ የሻምፒዮና ጨዋታ ጋይንትስን ሲያሸንፉ ወሳኙ ሰዓት ላይ ሯጩን አቁሞ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ኳርተርባካቸው፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው፣ ኤድ ብራውን ቺካጎ ቤርስ ተጫወተ። ሌሎችም አሉ። ሆል ኦፍ ፌም የገቡት ተጫዋቾች ማትሰን፣ ማርኬቲ እና ሴንት ክሌር ናቸው። በአንድ ሲዝን ከአንድ የኮሌጅ ቲም ሦስት!

አራተኛም አለ፣ ግን እሱ ተጫዋች አልነበረም። ቀጣዩን ደብዳቤ እዩ።

«አንድ ዘመዴ የኤን ኤፍ ኤል አለቃ የነበረው ሰው ከዛ ቲም ነው የወጣው ይለኛል፣ ተወራርደናል፣ ፍረዱን።» — ተወራራጅ

ዘመድህ በላህ። ፒት ሮዜል ነው። ባህር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ልጅ ነው፣ ዶንሶች ጋ የሕዝብ ግንኙነት ነበር የሚሰራው፣ ፒአር። ሥራው ማንም የማያውቀውን ቲም ጋዜጣ ላይ ማውጣት ነው። የኒው ዮርኩ ጨዋታ ሊደረግ ሲል ቀድሞ ሄዶ የኒው ዮርክ ጋዜጠኞችን አንድ በአንድ ኑ ይሄን ማትሰን የሚባል ልጅ እዩልኝ እያለ ይለምን ነበር። ያልተሸነፈ ቲም ይዞ ቦውል መሸጥ አቃተው፣ 14ኛ ወጡበት።

ከዛ በ1952 ሎስ አንጀለስ ራምስ ገባ፣ ያው ፒአር ሆኖ፣ አድጎ ጄኔራል ማናጀር ሆነ። ማናጀር እያለ በ1959 ማትሰንን ከካርዲናልስ አስመጣው፣ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ነው የሰጠው፣ አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ዕድል (ድራፍት) ጨምሮ! ራምሶች አልተጠቀሙበትም፣ ዛሬም ድረስ የሚሳቅበት ንግድ ነው፣ ግን አየህ በ1951 ያየውን አልረሳም። በ1960 የቲም ባለቤቶች ኮሚሽነር መምረጥ አቅቷቸው ድምፅ ሲሰጡ ሲሰጡ በ23ኛው ዙር የ33 ዓመቱን ሮዜልን መረጡት። እስከ 1989 ቆየ። ሱፐር ቦውል፣ የፕሮፌሽናሎቹ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱ ጊዜ ነው የተጀመረው፣ ሁሉንም ቲም በአንድ የቴሌቪዥን ውል ያሰረው እሱ ነው፣ ሰኞ ማታ ጨዋታ በሱ ጊዜ ነው። ሆል ኦፍ ፌም በ1985 ገባ። ብሩን ክፈለው።

«ስለ ማትሰን ብዙ ተጽፏል፣ ሌላኛውስ? ቶለር ምን ሆነ?» — መምህርት

ጥያቄሽን መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው እህቴ፣ መምህርት መሆንሽም ገጠመ።

ቶለርን ክሊቭላንድ ብራውንስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቲም መርጦት ነበር። በ1952 ክረምት ግን የኮሌጅ ምርጦች ከራምስ ጋር በሚያደርጉት ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳና የመጫወቱ ነገር እዛው አበቃ፣ አንድ የፕሮፌሽናል ጨዋታ እንኳን አልተጫወተም። ያ ሁሉም የሚመሰክርለት ሰው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ተማሪዎቹ ሰኞ ሰኞ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ሳይጠይቁት ይቀሩ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ? ምክንያቱም ከ1965 ጀምሮ እሁድ እሁድ ዳኛ ነበር፣ በአሜሪካ ትልልቅ የፕሮፌሽናል ሊጎች ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ። የሊጉ ኮሚሽነር ደግሞ ያው የድሮ ፒአር ሮዜል ነው። ሜዳ ላይ ሃያ አምስት ዓመት ዳኘ፣ በ2009 አረፈ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፌላን ሆል የሚባል የተማሪዎች ማደሪያ ነበር፣ ካሊፎርኒያ የነጭ ትሁን ብሎ ቅስቀሳ ባደረገ ሴናተር ስም የተሰየመ፣ ተማሪዎቹ ተቃውመው በ2017 ቶለር ሆል ሆኗል።

አንድ ቀን ግን ልንገርሽ። ጃንዋሪ 20፣ 1980፣ ሱፐር ቦውል፣ ስቲለርስ ከራምስ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው። ሱፐር ቦውል የዳኘ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ያን ቀን ነው። የተጫወቱት ፓሳዴና፣ ሮዝ ቦውል ነው። ዶንሶች ሎዮላን 20 ለ 2 ያሸነፉበት፣ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ያደረጉበት ሜዳ። ሮዜል ላይ ከክብር መቀመጫው ያያል፣ ቶለር መስመሩ ጋ ቆሞ ያርድ ይቆጥራል።